የሸጋ ቡችሎችና የተለቀለቀው ወለል

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የመሥሪያ ቤታችን ሰዎች ጋቢ አለበሱኝ፤ ለስላሳ ተጠጣ፤ ኃላፊው ስሜን አሳስቶ ጠርቶ አመሰገነኝ፤ በቃ። ቅር አላለኝም። ዕድሜውን ሙሉ የውሻ ትውከት ሲጠርግ የኖረ ሰው ስሙን የሚይዝለት አይጠብቅም። እኔ የፈለግሁት ዕረፍት ብቻ ነበር፤ እሱም አልሆነም። ገና ቤቴ ገብቼ እግሬን ሳልዘረጋ ስልኩ ጮኸ። በእኔ ቦታ የተተካችው ልጅ ናት። ጎበዝ የእንስሳት ሐኪም ናት፣ ጨዋ ናት፣ ግን ትቸኩላለች።

"ጋሼ ተገኘ፣ የጥበቃ ውሾቹ ጋ ቡችሎች ደም እያስቀመጣቸው ነው። ምን ይሻላል?"

"አሁን የት ነሽ?"

"በሽተኞቹ ጋ ነኛ!"

"እንግዲያው ዛሬ ጤነኞቹ ጋ ድርሽ እንዳትይ። ቤትሽ ግቢ፣ ልብስሽን ቀቅይ፣ ታጠቢ። ነገ ከጤነኞቹ ጀምሪ። በሽተኛው መጨረሻ ነው የሚታየው።"

"መጨረሻ?" አለች። መደንገጧ ገባኝ። እኛ አገር የታመመ ይቀድማል፤ ጤነኛን ቀድሞ ጠይቆ በሽተኛን ማታ ላይ የሚጎበኝ ሰው ምን ይባላል? እኔም መጀመሪያ ስሰማው ክፋት መስሎኝ ነበር። የተማርኩት ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነው፣ በዚያ በክፉ ቀን፤ ትምህርቱም በነፃ አልተገኘም። ደክሞኛል፣ እውነቴን ነው። ግን አንዴ ልናገረውና ይውጣልኝ።

ወደ ሱዳን የተሻገርኩት በመተማ ነው። የጎንደር ሰው ለሰሊጥ አረምና ለአጨዳ ወደ ሱዳኑ ፋሽጋ እርሻ መውረዱን ድሮም ያውቅበታል፤ ይሠራል፣ ጥቂት ይቋጥራል፣ ይመለሳል። ያን ጊዜ ግን የሚመለስ አልነበረም። ዝናቡ ቀርቶ፣ ጦርነቱ በርትቶ፣ ሰው ከነልጁ ከነሽማግሌው ነበር የሚወርደው። እኔ ብቻዬን ነበርኩና አንድ ክረምት ሰሊጥ አረምኩ፤ ወባ ጣለኝ፤ ስነሳ ገዳሪፍ ከተማ ዳር ያለ የእርዳታ እህል መጋዘን የውሻ ጠባቂ ይፈልጋል ሲሉ ሰማሁ። ሙዲሩ፣ ማለት ሥራ አስኪያጁ፣ "ውሻ ትፈራለህ?" አለኝ። "የምፈራው ረሃብን ነው" አልኩት። ሳቀና ቀጠረኝ። ደሞዙ ለወሬ አይበቃም።

መጋዘኑ የነጭ አገር ዘር ያለባቸው ትልልቅ ውሾች ነበሩት። በየቀኑ የዱራ ገንፎ፣ ማለት የማሽላ ገንፎ፣ ከከብት አንጀት ጋር ይበላሉ። ከአጥሩ ውጭ ወገኔ ተሰልፎ ይቆማል። አንድ የአርማጭሆ ሽማግሌ በአጥሩ ቀዳዳ ድስቱን አይቶ፣ "አይ ፈጣሪ! ውሻ አድርገህ ብትፈጥረኝ ምን ነበረበት!" አለ። ለእኔ አልነበረም የተናገረው። አፈርኩ፤ ዛሬም አፍራለሁ። ግን እውነቱን ልናገር፤ ውሾቹ ባይኖሩ ያ እህል በሌሊት በጆንያ በጆንያው ይወጣ ነበር። የተሰለፈው ሰው ቀን ሲከፈትለት ባዶ ቤት ነበር የሚያገኘው። ውሾቹ ደግሞ እያረጁ ነበር፤ የሚተካቸው ቡችላ ካላደገ መጋዘኑ ባለቤት የለውም። አንድ ነጋዴ "እኔ የራሴን ዘበኞች ላምጣ" እያለ የሙዲሩን ደጅ ይጠና ነበር። በዚያ ነጋዴ ሱቅ የእርዳታ ዱቄት እንደሚሸጥ ሕፃን እንኳ ያውቃል።

የገንፎው ባለቤት እቴ ጥሩነሽ ነበረች። የጭልጋ ሰው ናት፣ ከእኔ ጥቂት ዓመት ትበልጣለች፤ ምላሷ ይቆርጣል፣ እጇ ግን ለስላሳ። ባሏ መንገድ ላይ ቀረ፤ ወንድ ልጇን ካምፕ ውስጥ ኩፍኝ ወሰደባት፤ አንዲት ሴት ልጅ ቀርታታለች። "ክርስቲያን ሲራብ እኔ ውሻ ቀላቢ ሆኜ ቀረሁ፤ እንግዲህ ይኼም ዕድሜ ነው!" ትላለች። እንዲህ እያለችም ገንፎው ቡችሎቹን እንዳያቃጥላቸው በክንዷ ትለካዋለች።

ሦስተኛው ሰው ሐኪም እድሪስ ናቸው፣ ጌታዬም አስተማሪዬም። የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም ሆነው የመጋዘኑንም ውሾች ያዩ ነበር። ከመተማ ማዶ ገላባት ተወልደው መተማ ገበያ ያደጉ ስለሆኑ አማርኛቸው ከእኔ አያንስም፤ እኔ ላይ ሲያሾፉ በአማርኛ፣ ሙዲሩን ሲቆጡ በዓረብኛ። በር ላይ ቆመው አፍንጫቸውን ቀና ያደርጋሉ፤ ከማየታቸው በፊት ያሸታሉ። በየውሻው ቤት በር አንድ አንድ ጥንድ የላስቲክ ጫማ አስቀምጠው ነበር፤ የአንዱ በር ጫማ ሌላው በር አይገባም። ወለል ላይ በረኪና ካፈሰሱ በኋላ ሲጋራ ይለኩሳሉ። ሲጋራው ተጭሶ እስኪያልቅ ወለሉን የነካ ወዮለት። "በረኪናው ሥራ ላይ ነው፤ ተዉት ይሥራ" ይላሉ። ሰዓት አስረው ሳሉ ሰዓታቸውን አያዩም።

የመጀመሪያዎቹ ቡችሎች የታመሙት ጡት ሊተዉ ሲሉ ነው። አንዱ ገንፎውን ተወ። ቀጥሎ ነጭ አረፋ አስመለሰ። በማግስቱ ደም ያስቀምጠው ጀመር። ሽታውን አንዴ ያሸተተ አይረሳውም፤ የበሰበሰ ሥጋ ነው እንዳትል አንዳች የሚጣፍጥ ነገር አለበት።

"ወስፋት ነው" አልኩ እኔ፣ አዋቂ ነኛ! "ኮሶ እናጠጣቸውና ይጠረግላቸው።"

"ያ ዞል!" አሉኝ፤ 'አንተ ሰው' ማለታቸው ነው። "አንጀቱ ተልጦ እየወጣ ላለ ፍጡር ኮሶ አጠጥተህ ምን ልታስወጣለት ነው? ነፍሱን?"

ፓርቮ ይባላል አሉ። አዲስ በሽታ ነው፣ ነጮቹ ራሳቸው ካወቁት ገና ነው፤ የሚገድለው መድኃኒት የለም። የሰው ሥራ የቡችላው ውሃ እንዳያልቅ መያዝ ነው። እያስመለሰው ሳለ በአፉ ጠብታ አይሰጥም። የጨው ውሃ በመርፌ ከቆዳው ሥር ይገባል፤ ትከሻው ላይ እንደ እንቁላል ያብጥና ቀስ እያለ ይሰርጋል። ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ ቡችላው ይንቀጠቀጣልና ጠርሙሱን መጀመሪያ ብብቴ ሥር አሞቀዋለሁ። ትውከቱ ሲቆም ስኳርና ጨው የተበጠበጠበት ውሃ በማንኪያ ይቀጥላል። ካምፑ ውስጥ ለልጆች ተቅማጥ የሚታደል የታሸገ ዱቄት ነበር፤ አንድ ዘበኛ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ሊሰጠን እጁን ሲዘረጋ ሐኪሙ ፊታቸው ተለወጠ። "ከልጅ አፍ የተነጠቀ ነው፤ ሐራም ነው። መልስ!" አሉት። ስኳሩን ከገዛ ቤታቸው አመጡ።

ቡችሎቹ ግን አልተረፉም። ሐኪሙ ገለባውን አቃጥሉ፣ ወለሉን ጠርጋችሁ እጠቡ፣ ስመለስ በረኪናውን እኔ አፈሳለሁ ብለው ከብት ሊከትቡ መፋዛ ወደሚባል ገጠር ሄዱ።

የቡችሎቹ ቤት ወለል አፈር ነበር፣ የተሰነጣጠቀ፣ የተቦረቦረ። እቴ ጥሩነሽ በሩ ላይ ቆማ አየችውና ራሷን ነቀነቀች።

"ሞት የተኛበት መሬት ነው እኮ ይኼ። እንዲህ እንዳለ አራስ ይገባበታል? ውሻም ብትሆን አራስ አራስ ናት።"

አገራችን በሽታ የከረመበት ቤት ይጠረጋል፣ በእበት ይለቀለቃል። እንግዳ ሲመጣ ይለቀለቃል፣ አራስ ስትወጣ ስትገባ ይለቀለቃል። ያልተለቀለቀ ወለል የሴቲቱ ነውር ነው። ከከብት ገበያ ትኩስ እበት በባልዲ ተሸክሜ አመጣሁ፤ እሷ ከአመድ ጋር ለወሰችው፣ ተንበርክካ በመዳፏ ከጥግ እስከ ጥግ ለቀለቀችው። ሲደርቅ ወለል አይባልም፤ ቁንጫ እንኳ የሚደፍረው አልነበረም። ዘበኞቹ ሳይቀሩ መጥተው አዩት። "ሰው ይገባበታል እኮ!" ብላ ሳቀች። ካወቅኋት ወዲህ ስትስቅ ሳያት ያ የመጀመሪያው ነበር።

ሐኪሙም ሲመለሱ አደነቁ። በረኪናውን አፈሰሱ፣ ሲጋራቸውን አጨሱ፣ "ኻላስ፣ በቃ፣ ንጹሕ ነው" አሉ። ሁለተኛዋን እርጉዝ ውሻ አስገባናት።

እንግዲህ ያን ሰሞን ያየሁትን ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር። ወለደች፤ አሳደገች፤ ልክ ገንፎ መላስ ሲጀምሩ አንዱ ተኛ። እቴ ጥሩነሽ የሞተውን ካወጣን በኋላ የተኛበትን ቦታ እንደገና ትለቀልቀዋለች። ሐኪሙ መጥተው በረኪና ያፈሳሉ፣ ያጨሳሉ። የሚቀጥለው ይታመማል። እንደገና መለቅለቅ፣ እንደገና በረኪና፣ እንደገና ሲጋራ። ሦስታችንም በሙሉ ጉልበታችን እየሠራን ነበር፤ በሠራን ቁጥርም ይሞታሉ። የመጨረሻዋ ቡችላ እጄ ላይ ነው የሞተችው፣ መርፌው ከትከሻዋ ሳይነቀል። እናቲቱ አፍንጫዋን በክንዴ ሥር አስገብታ ስትልሳት፣ ወንድ ልጅ አያለቅስም ያለው ማን እንደሆነ እንጃ፣ አለቀስኩ።

ሙዲሩ መጣ። ሰላምታም አልሰጠ።

"አንዲት ውሻ ቀርታለች አይደል እርጉዝ? የእሷ ቡችሎች ከሞቱ ትልልቆቹንም በጥይት አስመታለሁ። በሽታ አስቀምጬ ቀለብ አልሰፍርም። ጥበቃውን ለነጋዴው እሰጠዋለሁ። እናንተም ወደ ካምፓችሁ።"

የቀረችው ሸጋ ነበረች፤ ቀይ ዳማ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ የደረሰ። አጥሩ ውጭ ያለው ሰልፍ ደግሞ ከሳምንት ሳምንት ይረዝም ነበር። እኔ እንቅልፍ አጣሁ። እቴ ጥሩነሽም አጥታ ኖሯል መሰለኝ፣ ሴት ልጇን ይዛ ያለ ሥራ ካምፕ መቅረቱን እንደ ሞት ነበር የምትፈራው።

ሐኪም እድሪስ በማግስቱ መጡና እንደ ልማዳቸው በሩ ላይ ቆመው አሸተቱ። ትንሽ በረኪና የበሩ ደፍ ድንጋይ ላይ አፈሰሱ፤ ትንሽ ወለሉ ላይ። ሲጋራ አወጡ፤ አልለኮሱትም።

"ና እስቲ፣ ተንበርከክ። ድንጋዩን አሽትት።"

አሸተትኩ፤ ዓይኔን አቃጠለኝ።

"አሁን ወለሉን።"

አፍንጫዬን እስከ መሬት ዝቅ አደረግሁ። እርጥብ እበት እንጂ ሌላ ሽታ የለም።

"በረኪናው የት ሄደ?" አልኳቸው።

"እበቱ በላው!" አሉ። "በረኪና ቆሻሻ ካገኘ ከቆሻሻው ጋር ሲታገል ያልቃል፤ በሽታው ጋ አይደርስም። ይኸን ሁሉ ጊዜ የማፈሰው ለእበቱ ኖሯል። ከሥሩ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ቡችሎች ደም ከነበሽታው ተመርጎበት በሰላም ተቀምጧል፤ እናቲቱ በጥፍሯ ስትጭር ይወጣል።" ሲጋራውን እጃቸው ላይ ሰባበሩት። "ወለሉ አማረኝና ማሰቤን ተውኩ። እኔ ሐኪም ነኝ!"

"ለእቴ ጥሩነሽ ማን ይነግራታል?"

"ማንም። ዶማ አምጣ።"

መቆፈር እንደጀመርን ድስቷን ተሸክማ ከች አለች።

"ምነው! ወለሌን ምን አድርጌያችሁ ነው?"

"አይጥ ገብቶበት ነው" አልኩ።

"ተገኘ፣ ውሸት አትችልበትም። ሐኪም፣ እርስዎ ይንገሩኝ።"

ነገሯት። በዝግታ፣ ጥፋቱን ግማሹን ወደ ራሳቸው እየሳቡ ነገሯት። ድስቱን መሬት አስቀመጠች። እኔ የምትሳደብ መስሎኝ ነበር፣ ብትሳደብ ደስ ባለኝ።

"የልጄንም ለቅልቄዋለሁ" አለች።

"ምን አልሽ?"

"ኩፍኝ ይዞት የተኛበትን። ንጹሕ ይሁንለት ብዬ። እዚያው እሱ አጠገብ የጎረቤቴ ልጆች ይጫወቱ ነበር፤ እነሱም ታመሙ፣ አንዷ ሞተች። ሴቷ ልጄ ዛሬም እዚያው ላይ ነው የምትተኛው።" መዳፏን ገልብጣ አየችው። "እኔ ነኛ የፈጀኋቸው?"

"አይደለሽም!" አሉ ሐኪሙ። "ኩፍኝ በትንፋሽ ነው የሚተላለፈው። እንደ ውሻው በሽታ ወለል ላይ አይቀመጥም።"

"ይማሉልኝ።"

"እህቴ..."

"በእኔ አይደለም፣ በእርስዎ ሃይማኖት ይማሉልኝ።"

ሱዳን ውስጥ ሰው ወላሂ ሳይል ሻይ አያዝም። ሐኪም እድሪስ ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ ሲምሉ ሰምቼ አላውቅም፤ ሌላው ሲምል እንኳ ፊታቸውን ያዞራሉ። ወደ በርሜሉ ሄደው እጃቸውን ታጠቡ። ተመልሰው ፊቷ ቆሙ፣ ቀና አሉ።

"ወላሂ አል-ዓዚም፣ ልጅሽን የገደለው ወለሉ አይደለም። የጎረቤትሽንም ልጅ።"

ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገችና ወደ እኔ መጣች።

"ስጠኝ ዶማውን። የለቀለቅሁት እኔ ነኝ፣ የማፈርሰውም እኔ ነኝ።"

አፈረሰችው። እስከ ክንድ ድረስ ቆፍረን አፈሩን አወጣን፣ ርቀን አቃጠልን፣ ጉድጓዱን ለፀሐይ ክፍት ትተን ኖራ በተንበት። ሸጋን እዚያ አላስገባናትም። የእህል ማራገፊያው የሲሚንቶ መድረክ ላይ ራኩባ፣ ማለት የሳር ዳስ፣ ሠራንላት። ሲሚንቶውን መጀመሪያ በሳሙና ፈተግነው፤ ታጥቦ ውሃው ጥርት ሲል ብቻ በረኪና፤ ከዚያ ሲጋራው። ሳሙና ሳይቀድም በረኪና አይነካም። ይህን ሕግ ከዚያ ወዲህ በሠራሁበት ሁሉ አስተምሬያለሁ፤ ግማሹ ሰው አሁንም አይሰማም።

ከሸጋ ጋር የተመደበችው እቴ ጥሩነሽ ብቻ ናት። "እኔ? ከዚህ ሁሉ በኋላ?" ስትል ሐኪሙ፣ "ካንቺ የበለጠ የሚጠነቀቅ ከየት ላምጣ?" አሏት። እኔ በሽታው ከደረሰባቸው ትልልቆቹ ጋ ስለምውል መድረኩ ጋ መድረስ ተከለከልኩ፤ ሐኪሙም ማለዳ መጀመሪያ ሸጋን፣ መጨረሻ ትልልቆቹን ነበር የሚያዩት። ከካርቱም በበረዶ ታሽጎ በመጣ ክትባት ትልልቆቹን ወጋን። ሸጋ በሰላም ወለደች፤ ቡችሎቿም ሲደርሱ ተወጉ፤ የእናት ወተት ክትባቱን ስለሚያከሽፈው እየደጋገሙ መውጋት ነው። ጠዋት ጠዋት ከሩቅ ቆሜ እጮሃለሁ።

"እቴ ጥሩ! በሉ?"

"በሉ!"

አንድ ቀን መልስ ዘገየ። እንደገና ጮህኩ። "አንዱ እንቢ ብሎ ተኝቷል" አለች። ሐኪሙ እየሮጡ መጡ፤ ሙዲሩም ከቢሮው ወጣ። ከዚያ የእቴ ጥሩነሽ ድምፅ፦

"ጠግቦ ነው እናንተ! ይኼ ሌባ፣ የወንድሞቹን ሁሉ ጨርሶ ሆዱ ተነፍቶ ነው የተኛ!"

ሙዲሩ ሳይቀር ሳቀ። ሁሉም አደጉ፣ አንድም አልሞተ። ነጋዴውም ደጅ መጥናቱን ተወ። ለሰልፈኛው ሁሉ ቀለብ ደረሰው ብዬ አልዋሽም፤ ብዙ ሰው ቀብረናል። ያ እህል ግን በዚያ በር በሌሊት አልወጣም።

ከዚያ በኋላ ያለው ብዙም አያስወራም። ሐኪም እድሪስ ረዳት አድርገው ይዘውኝ መፋዛን፣ ካምፖቹን፣ የፋሽጋን እርሻዎች አዞሩኝ፤ መርፌ መያዝም፣ ዝም ማለትም ከሳቸው ተማርኩ። እቴ ጥሩነሽ መንገዱ ሲከፈት ልጇን ይዛ ጭልጋ ገባች። እኔም አገሬ ልገባ ስል ልሰናበታቸው ቤታቸው ሄድኩ። አርጅተው፣ ሲጋራውንም ትተው ነበር። ሻይ ጠጥተን ስንጨርስ፣ ዓመታት ሳወጣ ሳወርደው የኖርኩትን ጠየቅኋቸው።

"ሐኪም፣ ያን ቀን ለእቴ ጥሩነሽ ሲምሉላት፣ ኩፍኝ ወለል ላይ እንደማይኖር በእርግጥ ያውቁ ነበር?"

"እኔ የከብትና የውሻ ሐኪም ነኝ" አሉ። "እንዲያው ሲባል ሰምቼ ነበር እንጂ ስለ ሰው ኩፍኝ ምን አውቃለሁ?"

"ታዲያ ማሉ?"

"ማልኩ። ሐሰት ቢሆንስ ብዬ ለመሐላው ሦስት ቀን ጾምኩ። ከጾሙ በኋላ ካምፑ ያለውን የሰው ሐኪም ጠየቅሁት። እውነት ነው፣ ወለል ላይ ውሎ አያድርም አለኝ።"

"ምነው ታዲያ መጀመሪያ ጠይቀውት ቢሆን? ጾሙም ይቀርልዎ ነበር።"

"ፈራሁ፤ በኋላም ያደፋፈረኝ ጾሙ ነው" አሉ። "በየማለዳው ገንፎዋን ይዛ ስትመጣ፣ ሐኪም እንዴት አደሩ ትለኛለች። ሐሰት ነው ቢለኝ ኖሮ፣ ምን ብዬ ነበር የምመልስላት?"